የጋሼ የቲማቲም መደብ

ማንም ሳያስተምረኝ መጽሐፍ አንብቤ አትክልተኛ የሆንኩ ሰው ነኝ፤ በአርባ ምንጭ ችግኝ በማፍላት ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ በቀር የሚበልጠኝ አልነበረም። ጋሼ የዘራበትን መደብ በደረቅ ሳር ያለብስና በየማለዳው በጣቱ ገለጥ አድርጎ ያያል። «መጽሐፍህ ቀኑን ይነግርህ ይሆናል፤ ቡቃያውን ግን አያይልህም» ይለኝ ነበር።

በሚሊኒየሙ በልግ ቲማቲም ዘርቶ በሦስተኛው ቀን አረፈ። በሳልስቱ ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ የበቀለው ሳሩ ሥር ታፍኖ እንዳይሞት ፈራሁና ተነሳሁ።

«ለቅሶ ትተህ አትክልት ልታይ? ሰው ምን ይላል?» አለች እህታችን።

«ጋሼ ለዓመታት የመረጠው ዘር ነው፤ ሌላ የቀረ የለንም» ብያት ወጣሁ።

ቡቃያው ነጥቶ ጎንበስ ብሏል። ሳሩን አነሳሁ፤ ከፀሐይ የሚከልል ዳስ ሠራሁለት፤ ግማሹን አዳንኩ፤ ለዘር የሚሆን ፍሬ አስቀረሁ፤ በየበልጉም ዘራሁ። መደቡ አጠገብ ቆሞ የሚነቅፈኝ ግን ማግኘት አልቻልኩም።