ዝናብ የሚያስወጣቸው ሽማግሌ

ዝናብ ሲጥል ሰው ሁሉ ጥግ ጥጉን ይይዛል፤ እኚህ ሽማግሌ ግን ከቤት የሚወጡት ያኔ ነው። ያረጀ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው መንገዱ ዳር ካለው የቱቦ ክዳን አጠገብ ይቆማሉ። ጭቃውን በጫማቸው ጫፍ ሲጠርጉት ብረቱ ላይ የተቀረጸው የማዘጋጃ ቤቱ የድሮ ስም ብቅ ይላል። ማዘጋጃ ቤቱ ስሙን ስንቴ ቀይሯል፤ ክዳኑ ግን ያው የጥንቱ ነው።

ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ልብስ ሰፊ ዛሬ አላስቻላትም፤ ከሱቋ በር ላይ ተጣራች።

"አባባ፣ ብርድ ይመታዎታል! እኔ እዚህ ሰፈር ተወልጄ ሳድግ ጎርፍ የሚባል ነገር አይቼ አላውቅም፤ ምን ያሰጋዎታል?"

"ቆይ ልጄ" አሉና ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ሰጡ። ውሃው ከታች እየተንፎለፎለ ሲወርድ ሰሙት። ቀና ሲሉ ፊታቸው በርቷል።

"እንዳታዪው ብለን አይደል የቆፈርነው!"