ሪስተን እና የጋሽ ዮቭና ሞተር

የታናሽ እህቴ የሪስተን ጋራዥ ጣሪያ ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። የአባታችን ሥራ ነው። የበረዶ ላይ ሞተር አሞርዛተር፣ ንዝረት የሚያበርደውን በጋዝ የተሞላ ቱቦ፣ ሲፈታ ጋዙን ሳያስተነፍስ ክዳኑን ቢከፍተው፣ ክዳኑ ተወርውሮ ጣውላውን በሳው። «መጀመሪያ አስተንፍሺ፣ ከዚያ ፍቺ» እያለ እሷን ያስተማራት ከዚያ ወዲህ ነው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ ቀዳዳውን ግን አልደፈነችውም።

እኔ ትምህርቴን በጊዜ ትቼ አጋዘን ተከተልኩ፤ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ጫማ መስፋት ያዝኩ። ከቤታችን ለወሬ የሚበቃ ሰው ካለ ሪስተን ናት።

እዚህ በሰሜን ኖርዌይ፣ ፊንማርክ፣ እረኛ ሞተሩ ላይ አይቀመጥም። አንዱን ጉልበቱን መቀመጫው ላይ አንበርክኮ፣ በሌላው እግሩ ቆሞ፣ መንጋውን አሻግሮ እያየ ይነዳል። የሚቀመጠው አንድም እንግዳ ነው፣ አንድም ያበቃለት ሽማግሌ። ስለዚህ ሪስተን አሞርዛተር የምትሞላው በሰውየው አነዳድ ልክ ነው።

ባለፈው ሚያዝያ የአባታችን ታላቅ ወንድም ጋሽ ዮቭና ሞተራቸውን ይዘው መጡ። እርጉዞቹን አጋዘኖች ወደ ባሕሩ ዳር ሁልጊዜ የሚመሩት እሳቸው ናቸው።

«ይሄ ሞተር ደርቋል» አሉ፣ የበሩን መቃን ተደግፈው። «ጉብታ ባገኘ ቁጥር ያቃስታል።»

«ሞተሩ ነው የሚያቃስተው?» አለች ሪስተን።

«ማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

«በየትኛው ጉልበትዎ ነው አሁን የሚነዱት፣ ጋሼ?»

«እንደ ድሮዬ፣ በቀኙ።»

ሪስተን መቀመጫውን አየችው። የጉልበታቸው ቦታ አቧራ ለብሷል፤ መሐሉ ግን በቅርቡ ተፈግፍጎ ያብረቀርቃል።

«ልጆቼ ዘንድሮ በመኪና ሂድ ይሉኛል» አሉ። «እንደ ድንች ጆንያ ጭነው ሊወስዱኝ።»

«ድንች እንኳ እንደ እርስዎ አይነጫነጭም።»

ሳቁ፤ ሳቁ ወገባቸውን ወጋቸውና ፊታቸውን ወደ ውጭ አዞሩ። «እንደ ድሮው ጠንከር አድርገሽ ሙዪው» ብለው ሄዱ።

አሞርዛተሩን ሞርሳው መቆንጠጫ ላይ አሰረችና ጋዙን አስተነፈሰች፤ ፉጨቱ እስኪያልቅ እጇን አልነቀለችም። ከፍታ ስትደፋው የወጣው ዘይት ጥቁር ነበር። ዘንጉን በጥፍሯ ዳሰሰችው፤ ጭረት የለውም። ዘይት የሚያግዱትን ጎሚኒዎች ቀየረች። አዲሱን ዘይት ሞልታ፣ የታመቀው አየር እስኪወጣ ዘንጉን ቀስ እያለች ከፍ ዝቅ አደረገችው። ከዚያ ናይትሮጅኑን ከቦምቦላው ሞላች። ግን ዘይቱ ቀጠን ያለ፣ ጋዙም ከወትሮው ያነሰ ነበር፤ የብረት ሞላውንም አላላችው።

«እንደ ድሮው አይደለም እኮ» አልኳት።

«ለተቀመጠ ሰው ነው የሞላሁት።»

«ተንበርክከው ሲነዱ ሰምጦ ሰው ፊት ቢያዋርዳቸውስ?»

«ወገባቸው ከታጠፈ ደግሞ በመኪና ነው የሚሄዱት። ያኔ ማን ያቀናቸዋል?»

የጉዞው ዕለት መንደሩ በሙሉ ወጣ። ጋሽ ዮቭና በቀኝ ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው በፊታችን አለፉ። ሞተሩ ከሥራቸው ስምጥ ሲል ልቤ አብሮ ሰመጠ። እሳቸው ግን ወደ እኛ ዞር እንኳ አላሉም። እኔ ስንቁን ይዤ ሪስተን በሞተሯ በምትጎትተው የበረዶ ሸርታቴ ላይ ነበርኩ። ኮረብታውን አልፈን መንደሩ ከኋላችን ሲሰወር፣ ጉልበታቸውን ቀስ ብለው አወረዱና ተቀመጡ።

ሪስተን ወዲያው መንገዱን ዘግታ ቆመች።

«ምን ሆንሽ?» አለ ከኋላ የሚከተለን የጋሽ ዮቭና ትልቁ ልጅ ማህቴ።

«ሞተሬ አስቸገረኝ።»

«ያንቺ ሞተር?»

«ብረት አይደለም እንዴ? ታገስ።»

ሽማግሌው ከዓይን እስኪርቁ ቡሎን ስትነካካ ቆየች። እንዲህ እያደረገች፣ አንዴ ሞተሬ ቆመ፣ አንዴ ስንቁ ተፈታ እያለች፣ ማንንም ሳታሳልፍ ባሕሩ ዳር አደረሰችን። እርጉዞቹ ሳይወልዱ ገቡ። ጋሽ ዮቭና ከሞተራቸው የማንንም እጅ ሳይዙ ወረዱ።

ማታ ሥጋው ተቀቀለ። «ሞተሩ ተሽሎታል» አሏት ጋሽ ዮቭና ሪስተንን።

«ቀስ ብለው ይንዱት እንግዲህ፣ ገና ማገገሙ ነው።»

ማህቴ ሳቀ። «አባቴስ ደህና ነው፤ መንገድ ላይ ስትቆም የዋለችው እሷ ናት። ለራስሽ ሞተር ሠሪ ፈልጊ።»

«እፈልጋለሁ» አለች ሪስተን።

ጋሽ ዮቭና ከድስቱ ትልቁን ቅልጥም አወጡ። የመሪው ድርሻ ነው፤ ሁልጊዜ ራሳቸው ናቸው የሚሰብሩት። ልጃቸውን አልፈው ለሪስተን ሰጧት። ለእኔ ትንሹ ደረሰኝ፤ ቅር አላለኝም።