የእርጥብ ጠፍር ልክ

ሁለተኛ ልጄን ወልጄ በቃኝ ባልኩ ጊዜ፣ ሠርግ ቤት ሰው በተሰበሰበበት የወንድሜ ሚስት «እሷማ በክኒን ማህፀኗን ያደረቀች ናት» አለችኝ። ጎንደር ከተማ አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት አለፈው፤ አልረሳሁም። እኔ ይበቃሻል ስላት እሷ ስድስት ወለደች። አራቱን ያዋለድኩት እኔ ነኝ። ስድስቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ይህን ግን ነግሬያት አላውቅም።

አባታችን አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ የተወልን መሬት ድሮ ግጦሽም፣ ከርሞ የሚያርፍ ማሳም ነበረው። ዛሬ እስከ ገደሉ አፋፍ ታርሷል። ያልታረሰው በስሜ በደብተር የተመዘገበው የወይራ ጥሻና ከሥሩ የምትፈልቀው ምንጭ ብቻ ነው።

ወንድሜ ካረፈ በኋላ ልጆቹ ማሳውን ሲካፈሉ እንድገኝ ጠሩኝ። በዋዜማው ወርዱን በአንድ ረጅም ጠፍር ለክተውት ሠላሳ ገመድ፣ ማለትም ሠላሳ የጠፍሩ ቁመት ሆኗል፤ ለእያንዳንዳቸው አምስት ማለት ነው። ጠፍሩ ደርቆ አልታጠፍ ስላላቸው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው አሳደሩት። ጠዋት ከበኩሩ ጀምረው እየሳቡ ለኩ። የመጨረሻዋ ልጅ ጋ ሲደርሱ ሦስት ገመድ ብቻ ቀረ።

«ትናንት ሠላሳ አልነበረም እንዴ?» አለ በኩሩ።

«መሬቱ ሌሊት ኮብልሏል!» ብሎ ታናሹ ሳቀ።

ልጅቷ አልሳቀችም። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ቀን ተቆርጧል። እናቷ ወደ እኔ ዞረች።

«እታለሜ፣ ምነው ያንቺ ወይራ ተመንጥሮ ቢሞላላት? አንቺ እንደሆነ ከተማ ቤት አለሽ።»

ወይራው ከተመነጠረ ምንጯ በጋውን አትዘልቅም። ስድስቱም ቤት የሚጠጣው ከእሷ ነው። «ነግሬሽ አልነበር?» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደረሰ። ስንት ዓመት ያቆየሁት ቃል ነው። ልጅቷን አየኋትና ዋጥኩት።

ጠፍሩን አንስቼ ዳሰስኩት። «ይሄ ረጥቦ ተለጥጧል። ፀሐይ ላይ አስጡትና ሲደርቅ እንደገና ለኩ።»

«አክስቴ፣ ከተሜ ደግሞ ስለ ጠፍር ምን ያውቃል?» አለ በኩሩ።

«አባቴ ቀንበር በእርጥብ ጠፍር ሲያስር ጫፉን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ሲደርቅ ይሰበሰባል። ያንተ አባት ሥራ ሲመጣ የት እንደሚገባ አይታወቅም ነበር።»

የወንድሜ ሚስት ሳቋ አመለጣት። «ይኸስ እውነቷን ነው!»

ከሰዓት በኋላ በደረቁ ተለካ። ለስድስቱም አምስት አምስት ደረሰ፤ ወይራዬም ተረፈ። ግን ድርሻው ጠባብ ነው። ጥማድ በሬ ትልሙ ጫፍ ደርሶ ሲዞር የወንድምን ማሳ ይረግጣል።

ሲመሽ ከእናትና ልጅ ጋር ወደ ምንጯ ወረድኩ። የወንድሜ ሚስት ጀሪካኗን እየሞላች ቀና ሳትል ተናገረች።

«ጠቦናል፤ አላጣሁትም። ግን እታለሜ፣ ሁለት ብቻ ብወልድ ኖሮ የትኞቹን አራቱን ልተዋቸው ነበር?»

ከላይ ልጆቹ ጠፍሩን እየጠቀለሉ ይቀላለዳሉ። ድምፃቸውን አንድ በአንድ እለየዋለሁ።

«አንዳቸውንም» አልኳት።

ልጅቷ ተጠግታኝ ዝቅ ባለ ድምፅ «አክስቴ፣ ያ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው መድኃኒት ያማል እንዴ?» አለችኝ።

እናቷ ሰምታለች። ግማሽ ብቻ የሞላ ጀሪካኗን ከደነች፣ አንስታም ከፊታችን ቀድማ ዳገቱን ወጣች።