የአቶ ግን ሻይ

በመሪው የስብሰባ አዳራሽ ሻይ የማቀርበው እኔ ነኝ። ከአማካሪዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ዲፕሎማት አሉ፤ ሻያቸውን ጠጥተው አያውቁም። እኛ ሠራተኞቹ «አቶ ግን» እንላቸዋለን። ሌላው ሁሉ «ልክ ነው ጌታዬ» ብሎ ሲያበቃ፣ እሳቸው የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ከስኒው አጠገብ ያኖሩና ጉሮሯቸውን ጠርገው «ግን…» ይላሉ። መሪው ሰምተው ያመሰግኗቸዋል። ከዚያ ያው የታሰበው ይሆናል፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሻዩ ቀዝቅዞ ይመለሳል።

ኮታቸው ክርኑ ላይ ሳስቷል። ባለቤታቸው ከወንዙ ማዶ ካለው አገር የመጡ ናቸው ይባላል፤ እሳቸው ግን አንስተውት አያውቁም።

ዛሬ የተመከረው ጦሩ ያንን ወንዝ ይሻገር ወይስ አይሻገር በሚል ነበር። ሁሉም ይሻገር አሉ። መሪው ወደ ሽማግሌው ዞሩ። ሰዓቱ ከእጃቸው አልወለቀም።

«እንደተባለው ይሁን» አሉ።

መሪው ጠበቁ። እኔም ማንቆርቆሪያውን እንደያዝኩ ቆሜ ጠበቅሁ።

«ግን?» አሉ መሪው በመጨረሻ፣ ልመና በሚመስል ድምፅ።

«ግን የለውም፣ ጌታዬ።»

ሰው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው ተቀምጠው ቀሩ። ስኒ ላነሣ ስጠጋ ሻያቸውን አነሡና እንደ ውሃ ጨለጡት።

«ስኳሩን ረሳሽው እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

እንደ ሁልጊዜው አጣፍጬ ነበር ያቀረብኩላቸው።

«አዎ አባቴ፣ ረሳሁት» አልኳቸው።