አንደኛ የሌለበት ዓመት

ያልታጠበ አዲስ አቡጀዲ ሽታ ታውቂያለሽ? ዱቄትም አይደለም፣ ሙጫም አይደለም፣ የሁለቱ መሃል ነው። ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ጣቃውን በረንዳ ላይ ዘርግቶ ሲቀድ በዚያ ሳልፍ ሽታው አፍንጫዬን መታኝና ባለሁበት ቆምኩ። ሰውየው ያመመኝ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ። ምንም አላመመኝም። መቱ ነበርኩ፣ ስድስተኛ ክፍል፤ ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት አይሞላውም።

ያን ዓመት ሁላችንም አቡጀዲ ለበስን። ያመጡት ዳይሬክተሩ ናቸው። ያመጡበት ምክንያት ደግሞ የቀደመው ዓመት ጠብ ነው። ሰኔ ሲያልቅ ወላጅ ተጠርቶ ዳስ ይጣላል፤ ከየክፍሉ አንደኛ የወጣው ስሙ ይጠራል፣ እናቱ እልል ትላለች፣ አባቱ ብድግ ብሎ እጅ ይነሣል። ታዲያ የአንድ ሹም ልጅ ከቡና ነጋዴ ልጅ በታች ወጣና ሁለቱ አባቶች ዳሱ ውስጥ አንገት ለአንገት ተናነቁ። ነገሩ ግዛት ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄደ። ዳይሬክተሩ ተጠርተው ምን እንደተባሉ አላውቅም፤ ሲመለሱ ግን ሌላ ሰው ሆነው ተመለሱ። መስከረም ላይ ሰልፍ አሰልፈውን፣ ከእንግዲህ በዚህ ግቢ ማንም ከማንም አይበልጥም አሉ።

ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ይህን ልንገርሽ። ጠብ የሚፈሩ ሰው ነበሩ።

መጀመሪያ ወንድ ሴት ሳይባል ጸጉራችን ተላጨ። ሹሩባዬ ሲቆረጥ እናቴ አለቀሰች፤ እኔ ግን ቀለለኝ። ጫማ ያለው በር ላይ አውልቆ ለዘበኛው ይሰጣል፤ ለሌለው መግዛት ስለማይቻል ያለውን ማስወለቅ ተቻለ። በግቢው አማርኛ ብቻ ይነገር ተባለ፣ ይህም እኩልነት ነው ተባለ። እኔ የሰሜን ሰዎች ልጅ ስለሆንኩ ምን ገዶኝ! ኦሮምኛውን ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት ያደግሁበት ቢሆንም ግቢ ውስጥ ባልናገረው አልቸገርም ነበር። የሚቸገሩት ሌሎቹ ናቸው፤ ያን ጊዜ ይህ ትዝ አላለኝም። ደግሞ መልስ ያወቀ ልጅ እጁን የሚያነሣው ሁሉም ሲያነሣ ነው። ሁሉም እስኪያነሣ የምንቆየውን ቆይታ ብታይ! ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ መምህሩ መስኮት መስኮቱን ሲያዩ፣ አንዱ ሰነፍ ጣቱን ሲቆጥር። የስፖርት ቀን ጊዜማ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር የሮጥነው፣ ማንም እንዳይቀድም። ሰላሳ ሰው አንድ ላይ ሲወድቅ ዘበኛው ሳቁን መያዝ አቅቶት ጥላውን ፊቱ ላይ ዘረጋ።

ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ ከያዮ የመጣች ልጅ ነበረች። ከተማ አክስቷ ዘንድ ሆና ነው የምትማረው። አባቷ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉ፣ ቡና የሚለቅሙ ሰው ናቸው፤ መንገዱ ሲደርቅ ማር በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ሊጠይቋት ይመጣሉ፣ ለእኔም አንድ ቁራጭ ከነሰፈፉ አይቀርብኝም። ልጅቷ ሒሳቡን መምህሩ ጽፈው ሳይጨርሱ ትጨርሰዋለች። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ፤ በኦሮምኛ የሚቀጥለውን ራሷ ፈጥራ ታሰላለች። አንዳንዴ ሳትጠየቅ መልሱን ትናገርና ትንበረከካለች። በሩጫውም ቀን እጄን ለቅቃ ብቻዋን የሮጠች እሷ ናት። ያን ዕለትም ተንበረከከች፣ ፊቷ ግን ፈክቶ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሶር ወንዝ አቡጀዲያችንን ልናጥብ ወርደን የሆዷን ነገረችኝ። ኡካ ከሚባል አገር ሽማግሌዎች መጥተዋል፣ ለልጃቸው ጠይቀዋታል። አባቷ፣ እሺም እምቢም ሳይሉ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ሰጥተዋል። አንደኛ ከወጣች ፈጣሪዋ ዋቃ የሰጣት ነው፣ እኔ ከእጇ አልነጥቅም፣ ትማራለች ብለዋል። ካልወጣች ግን እንደ እኩዮቿ ቤቷ ትገባለች።

"ደረጃ ግን ቀርቷል እኮ" አልኳት።

"ለአባቴ ነግሬው ነበር፤ ሊገባው አልቻለም። ሰው ሲሮጥ የሚቀድም ይኖራል ይላል" አለችና ልብሷን ድንጋይ ላይ መታችው።

እንግዲህ ግንቦት ላይ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ የስም ካርዶቹን እንድጽፍ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተጠራሁ። ካርዱ ላይ ከስም በቀር አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ አልፋለች ወይም አልፏል ይላል። የውጤቱ መዝገብ ግን ከበላይ የጠየቀ እንደሆነ ተብሎ ተሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። አየሁት። ያዮዋ ልጅ አንደኛ ናት፤ እኔ ሁለተኛ ነኝ፣ ያውም በሰፊው ተበልጬ። ዳይሬክተሩ ሳይ አዩኝ። ያየሽው እዚሁ ይቅር አሉኝ፣ እሺ ጋሼ አልኩ። ስወጣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መዝገቡን አይተሽዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ተሸፍኖ ነበር አልኳት።

የመዝጊያው ቀን ሲያካፋ ዋለ። ዳሱ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፣ ውሃው እያጣራ ሰው ትከሻ ላይ ይንጠባጠባል፣ የረጠበ ቅጠልና የረጠበ ጋቢ ይሸታል። የልጅቷ አባት ከኡካ ሽማግሌዎች አንዱን ይዘው መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስም እየተጠራ ካርድ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ ይጨበጨባል። ከሦስት እንዳይበልጥ አስቀድመን ተለማምደናል።

እሷ ተጠራች። ካርዷን ተቀበለች፣ አነበበችው፣ ሦስቱ ጭብጨባ አለቀ። አልተመለሰችም።

"ጋሼ፣ ይጠይቁኝ" አለች። "ክፍሉን ሁሉ ይጠይቁ፣ እኔንም ይጠይቁኝ። ሰው ይስማ።"

ዳይሬክተሩ ረጋ ብለው፣ ሰልፍሽ ግቢ ልጄ አሏት። አልገባም አለች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ፣ በተከለከለው በኦሮምኛ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ አባ እኔ እኩል አይደለሁም፣ አንደኛ ነኝ አለች። ዳይሬክተሩ በዚህ ትምህርት ቤት አንደኛ የሚባል የለም ብለው የሚቀጥለውን ስም ፍለጋ ካርዶቹን ማገላበጥ ጀመሩ።

አባቷ ተነሡ። ወደ ዳይሬክተሩ ይሄዳሉ ስል ሰልፉን አቋርጠው እኔ ጋ መጡ። ከክፍሉ የሚያውቁት እኔን ብቻ ነው፣ ማራቸውን የበላሁ ልጅ ነኝ። ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ ቀስ አድርገው ጠየቁኝ።

"አንቺ አትዋሺኝም። የምትለው ዱጋ ነው?"

እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው። አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዳይሬክተሩ እኔን አላዩም፣ ካርዳቸውን ነበር የሚያገላብጡት፤ ስለዚህ በሳቸው አላመካኝም።

"ሁላችንም እኩል ነን" አልኩ፣ በአማርኛ።

ያቺን ቃል ያን ዓመት መቱ ውስጥ ያልሰማ የለም፣ እሳቸውም ገባቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሽማግሌውን አዩ፣ ልጃቸውን እጇን ይዘው በዝናቡ ወጡ። ስታልፍ አየችኝ። የተቆጣች አትመስልም ነበር፤ ግራ የገባት ትመስላለች።

ፈርቼ ነው እያልኩ ለራሴ ስንት ዓመት ነገርኩት። ውሸት ነው። ሁለተኛ ለወጣ ሰው እኩልነት እንዴት እንደሚጥም አታውቂም። እሷ ስትሄድ አዘንኩ፤ ያዘንኩት ግን ትንሽ ቆይቼ ነው። መጀመሪያ የተሰማኝን አፍሬበት እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም።

በዓመቱ ዳይሬክተሩ ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ፣ ደረጃም ተመለሰ። እኔ አንደኛ ወጣሁ። ስሜ ተጠራ፣ እናቴ እልል አለች፣ አባቴ ኮቱን ቆልፎ እጅ ነሣ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አገኘኋት፣ መቱ ገበያ፣ ልጅ አዝላ ጨው ስትገዛ። እኔ የመምህርነት ሥራ ልጀምር ነበር፣ ጫማ አድርጌአለሁ፣ ጸጉሬ ተሠርቷል። ተቃቀፍን። ወዝ ያለው ፊቷ ያው ነው፣ ሰውነቷ ግን ከስቷል። ስንተኛ ወጣሽ አለችኝ፣ እንደ ቀልድ። አንደኛ አልኳት።

"እኔ ስለሄድኩልሽ ነዋ!" አለችና ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። መዝገቡን አይቼው እንደነበር፣ ያን ቀን ለአባቷ የዋሸሁት እያወቅሁ መሆኑን፣ አንደኛዋ እሷ እንደነበረች፣ እዚያው ጨው ሻጩ ፊት ነገርኳት። አንገቴን ደፍቼ ነው የነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን የጨው ጥቅልሏን አስተካክላ ያዘች።

"እኔማ አውቅ ነበር" አለች። "አባቴ እንዲያውቅ ነበር የፈለግሁት።"

ልንገራቸው፣ አሁኑኑ ያዮ አብሬሽ ልውረድ አልኳት። አባቷ ከሞቱ ሁለት ክረምት አልፏል አለችኝ። ከዚያ ልጇን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ አዘለችና፣ መንገዱ ሩቅ ነው ብላ ተሰናበተችኝ።