ፈላስፋው ቀጠሮ ጠየቀ

የዳንግላው ይኸነው ቢሻው ሥነ ዜጋ ሲያስተምር ኖሮ ጠጕሩ እንደ ጠመኔው ነጥቷል። አርባን ካለፈ በኋላ ክረምት ክረምት እየሄደ በፍልስፍና ሁለተኛ ዲግሪ መማር ሲጀምር፣ ባልደረቦቹ «ፈላስፋው» የሚል ስም አወጡለት። «ለመሆኑ ፍልስፍና በሄክታር ስንት ኩንታል ይሰጣል?» እያሉም ያሾፉበታል። እሱ ስቆ ያልፋል። በሰፈሩ ግን ሌላ ክብር አለው። አባቱ አስታራቂ ሽማግሌ ስለነበሩ፣ እሳቸው ሲያርፉ ወንበራቸው ለእሱ ተረፈ። ባልና ሚስት ሲጣሉም፣ ወሰን ሲገፋም የሚጠራው ይኸነው ነው።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ እንጅባራ ውስጥ ለፍልስፍና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሁለት ቀን ጉባኤ ተዘጋጀ። የመጀመሪያው ቀን ጥናት የሚቀርብበት ነው። ሁለተኛው ተማሪዎቹ ሥራ እንዲያገኙ የሚታገዙበት ሲሆን፣ እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ተሰጥቶት በቀጣሪዎች ፊት ራሱን ያስተዋውቃል። ከቀጣሪዎቹ አንዷ ዶክተር ፀደይ የምትባል ወጣት ናት፤ ኮሌጇ አንድ የፍልስፍና መምህር ይፈልጋል። ይኸነው ያንን ቦታ ተመኘው፤ እንቅልፍ እስኪያጣ ተመኘው። በዚህ ዕድሜ ሌላ በር እንደማይከፈትለት ያውቃል።

የጥናቱ ርዕስ «ዕርቅ ደም ያደርቅ» ነበር። በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ይቅርታ ብዙ ጆሮ ስለሰማው ሙሉ ነው ብሎ ጥሩ አድርጎ ተከራከረ። ሲጨርስ ዶክተር ፀደይ እጇን አወጣች።

«ሽማግሌዎቹን አፍሮ ‹ይቅር ብያለሁ› ያለ ሰው፣ እውነት ይቅር ብሏል?»

ሌላው ቢሆን አፉ ላይ የመጣለትን ይናገር ነበር። ይኸነው ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እየተባለ ያደገ ሰው ነው። ከባድ ነገር ሲገጥመው በሽምግልና የለመደው አንድ መንገድ ብቻ ነው። እጁ ያልለበሰውን ጋቢ ሊያጣፋ ወደ ትከሻው ሄደ።

«ቀጠሮ ይሰጠኝ» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መድረኩን የሚመራው ምስጋናው እንኳ እንባውን እየጠረገ፣ «መምህር፣ ይኼ እኮ ጉባኤ እንጂ ሸንጎ አይደለም። ሦስት ደቂቃ ይቀርዎታል» አለው። ይኸነው ሦስቱንም ደቂቃ ዝም ብሎ ቆመባቸው። ፀደይ አልሳቀችም፤ እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ ስለነበር አላያትም።

ያደረው ታላቅ እህቱ ሀይማኖት ቤት ነው፤ እሷ ከተማዋን ዛሬም ቆሰበር እንጂ እንጅባራ ብላ አታውቅም። እራት ቀርቦም የፀደይ ጥያቄ አልለቀው አለ። አምና በአንድ ሰርግ ላይ የባሏ ወንድም፣ አዘና የሚኖረው ትዕዛዙ፣ በሰው መሀል «መካን» ብሎ ሰድቧት ነበር። ያስታረቃቸው ይኸነው ራሱ ነው። ትዕዛዙ ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ላይ ሲወድቅ፣ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቆመው ሲጠብቁ፣ «ይቅር ብያለሁ» አለች። በጥናቱ ውስጥ ስሟን ሳይጠራ በምሳሌነት ያቀረበውም ይህንኑ ዕርቅ ነው።

«እቴ፣ ያኔ ትዕዛዙን ይቅር ብለሽው ነበር?»

ሀይማኖት ነገር ሲጠናባት ወደ አዊኛ ትሻገራለች። አሁንም በአዊኛ ነው የመለሰችለት።

«አንተ ቆመህ ዓይን ዓይኔን እያየኸኝ ምን ልበል? ድንጋዩን ከሱ ጫንቃ አወረዳችሁና እኔ ላይ ጫናችሁት። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።»

ይኸነው እንደዚያን ዕለት አፍሮ አያውቅም። ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተቀመጠ፤ እሷም «ብላ፣ ብላ» እያለች አልለመነችውም።

በማግስቱ ከእሱ በፊት አንድ የባሕር ዳር ልጅ ተነስቶ ራሱን እንደ ሙሽራ አሳምሮ አቀረበ። ይኸነውም ስለ ራሱ የሚለውን በቃሉ አጥንቶ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ቀጠሮ ጠይቆ በቀጠሮው ቀን ባዶ እጁን የቀረበ ሰው፣ እሱ ባደገበት አገር ተረታ ማለት ነው።

«ለትናንቱ ጥያቄ መልስ ይዣለሁ» አለ። «ያፈረ ሰው ዝም አለ እንጂ ይቅር አላለም። አስታርቄያለሁ ያልኩትን ሰው ጠይቄ ነው የመጣሁት። ጥናቴ ተሳስቷል።» የት ላይ እንደሳተ ሲያስረዳ ደቂቃው አለቀ። በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።

በእረፍት ሰዓት ፀደይ መጥታ እጁን ጨበጠችው። «ቀጠሮዎን አክብረዋል። ስለ ራስዎ ግን ምንም አልነገሩንም፤ ባልደረቦቼን በምን ላሳምናቸው?» አለችው፤ ከልቧ አዝናለች። ከሰዓት በኋላ ቦታው ለባሕር ዳሩ ልጅ መሆኑ ተነገረ። ይኸነው ሰው ስለሚያየው «ይገባዋል» ብሎ አጨበጨበ።

ቦርሳውን ሊወስድ ሲመጣ ሀይማኖት በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ቦታውን አገኘኸው?»

«አላገኘሁም። ደቂቃዬን ባንቺ ነገር ጨረስኩት። ስምሽን አላነሳሁም፤ ይቅር አለማለትሽን ግን ተናገርኩ።»

«አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰማልኝ በለኛ» አለች። «ለትዕዛዙስ ማን ይነግረዋል?»

መናኸሪያው ውስጥ የዳንግላው ሚኒባስ አንድ ሰው ብቻ ጎድሎት ይጣራ ነበር። ይኸነው አልፎት ሄደና የአዘናው ሚኒባስ ውስጥ ገባ።