የአው አብዶሽ መስታወትና ደረቅ ሳሙና

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስወጣ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ ጉሙ ተቀበለኝና የመኪናዬ የፊት መስታወት ባንዴ ወረዛ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ ቀና እንኳን ሳትል አንዲት ቁልፍ ጫን አደረገች፤ ነፋሱ ሽው ሲል መስታወቱ ጠራ፣ እሷም ወደ ስልኳ ተመለሰች። የኔን አፍንጫ ግን የደረቅ ሳሙና ሽታ ሞላው። መኪናው ውስጥ ሳሙና የሚባል ነገር አልነበረም፣ ወላሂ!

ልጅ ሆኜ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ስንኖር ጎረቤታችን አው አብዶሽ የሐረር መስመር ሾፌር ነበር። «አው» በሐረሪ አባት ማለት ነው፤ እኛ ግን አባትነቱን ከሰጠነው በኋላ ከትልቅ እስከ ትንሽ «አንተ» እያልን ነበር የምንጠራው፤ ድሬ ላይ «እርስዎ» ያሉት ሰው የተቀየሙት ይመስለዋል። ክረምት በገባ ቁጥር፣ አሮጌ ፔጆውን ይዞ ወደ ሐረር ከመውጣቱ በፊት፣ የፊት መስታወቱን ከውስጥ በኩል እንዳይወረዝ ብሎ ወተት እስኪመስል በደረቅ ሳሙና ያሸዋል፤ ከዚያ በአሮጌ ሽርጡ ቁራጭ፣ ምንም ያልነካው እስኪመስል ድረስ ይወለውለዋል። በዚያ አናት በሚበሳ ሙቀት መስታወት ይወረዛል ብሎ መስጋት ለሰፈሩ ትልቅ ቀልድ ነበር። «አቦ፣ ልትድራት ነው እንዴ እንዲህ የምታሻት?» ይሉታል። እሱ ጫቱን ወደ አንድ ጉንጩ ገፋ አድርጎ «ድሬ ላይ ሳቁ፣ ደንገጎ ላይ እንገናኛለን» ይላል፤ ከዚያ አብሯቸው ይስቃል።

ስምንት ዓመቴ ነበር እማዬ ምጥ የያዛት። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ሊወለድ ሲል ሞቶባት ስለነበር፣ ይህኛው ገና ሆዷ ውስጥ ሳለ ነበር ቤቱ ሁሉ የሚሳሳለት፤ የሚከታተላት ሐኪም ደግሞ ያለው ሐረር ነው። አባዬ ከባቡሩ ጋር ወደ ጅቡቲ ወርዷል። አው አብዶሽ በጠዋት ተጠርቶ መጣ፣ እንደ ልማዱ መስታወቱን አሽቶ ወለወለና ከባለቤቱ ከሩቂያ ጋር እማዬን ደግፈው ሊያወጧት ወደ ቤት ገቡ። እኔ ደጅ ቀረሁ። ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ስታርፍ ስስ የሳሙና ጭረት ታየኝ። እኛ ቤት ሳሙና የነካው ነገር ሁሉ ሳይለቀለቅ አይቀርም፤ በጥድፊያ ሳይጨርሰው የተወው መሰለኝ። እማዬ የምትሄድበት መኪና እንዲያምርላት ብዬ፣ ጨርቅ ውኃ ነክሬ፣ የፊቱ ወንበር ላይ ተንበርክኬ፣ እጄ እስከደረሰበት ድረስ አጥቤ አደረቅሁት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኼ ነው።

ቤት ሰው ስላልነበረ እኔንም ከፊት አስቀምጠው ጉዞ ጀመርን። ከኋላ ሩቂያ አላህን፣ እማዬ ማርያምን እየጠሩ ዳገቱን ወጣን። ጉሙ ውስጥ ስንገባ ግን የአራታችን ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ተጋገረ። አው አብዶሽ በእጁ ጠረገው፤ ወዲያው መልሶ ወረዛ። መስኮት ከፈተ፤ እማዬ በብርድ ተንቀጠቀጠች፣ መስታወቱም ሊጠራ አልቻለም። በስተቀኝ ገደል ነው፣ ከላይ የከባድ መኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ መኪናውን አቆመ። ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። እናቴን የገደልኳት መሰለኝ።

«አብዶሽ፣ ምነው ቆምክ?» አለች እማዬ እያቃሰተች።

እሱ መስታወቱን አየ። ከላይ በኩል አንድ ስንዝር የምታህል መስመር ጥርት ብላ ቀርታለች። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ።

«ሳሙናውን ረሳሁት አቦ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ።

ኮቱን አውልቆ አጣጥፎ ከሥሩ አነጠፈና፣ አናቱ ጣሪያውን እየነካ፣ አንገቱን እንደ ግመል አስግጎ፣ በዚያች ስንዝር እያየ ያንን ጠመዝማዛ ሁሉ ወጣው። ሐረር በሰላም ገባን፣ ከቀትር በፊት ወንድሜ ተወለደ፤ እልል ሲባል ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ፣ ከደስታዬም ከፍርሃቴም።

እማዬ ግን ለቀልድ ወደኋላ አትልም። ወንድሜ ክርስትና ሲነሳም፣ በየኢዱም፣ በየገናውም «በሌላው ቀን ሲያሻት ከርሞ፣ በኔ ምጥ ቀን ሳሙናውን የረሳ ሾፌር!» እያለች ሰፈሩን ታስቅበታለች። ያ በጥንቃቄው የሚኮራ ሰው «ምን ላድርግ፣ ሸይጣን ነው» ብሎ ቡናውን ይጠጣል። እኔ ስኒዎቹን ሰብስቤ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ትልቅ ሰው ሆኜ፣ እሱ አልጋ ላይ ሲውል፣ ልናዘዝለት ሄድኩ። ገና ስጀምር ሳቀ።

«መስመሩ እኮ እጅሽ በደረሰበት ልክ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«እናትሽ ምጥ ላይ፣ አንቺ ደግሞ እህት ልትሆኚ። በእንዲህ ያለ ቀን ልጅ ይከሰሳል እንዴ አቦ?»

በሳምንቱ አረፈ። ለቅሶው ላይ እማዬ ያችኑ ቀልድ እንባና ሳቅ እያደባለቀች ስታወራ አላስቻለኝም፤ ጆሮዋ ላይ እውነቱን ነገርኳት። አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ይኼን ሁሉ ዓመት ስዘልፈው…» አለችና ተነሥታ፣ ሩቂያ እግር ሥር ወድቃ «በሱ ፈንታ ይቅር በይኝ» አለቻት። ሩቂያ አንሥታ አቀፈቻት።

ዛሬ ከዚራ አጥሩ ከፍ ብሏል፣ ጎረቤቴንም በመኪናው ታርጋ ነው የማውቀው። ከዚያ ወዲህ ጥፋቴን የነገሩኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ልክ ነበሩ። ጥፋቴን ከላዬ አንሥቶ የራሱ ያደረገው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እኔ እሱን አመሰግናለሁ፣ በዚያች ስንዝር መስታወት ሐረር የደረሰው ወንድሜ ደግሞ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።